ሉፕባኩ ለፒንግ ይመልሳል፣ የቪፒኤኑ ትራፊክ ግን መሃል ላይ ይጠፋል

የባሶና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤምፒኤልኤስን (ፓኬትን በአይፒ አድራሻው ሳይሆን በሚለጠፍበት ቁጥር፣ ማለትም በሌብል፣ የሚያስተላልፍ ዘዴ) ለመለማመድ ደብረ ብርሃን ላይ በከፈትነው የጂኤንኤስ3 (ኔትወርክን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ላብ አራት የሲስኮ ራውተሮች ደርድረን በደሴው መንገድ ተራ ሰይመናቸዋል፦ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት። ዳርና ዳሩ ፒኢ (ደንበኛ የሚገናኝባቸው)፣ መሃሎቹ ፒ (አሳላፊ ብቻ) ናቸው። ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮቹ መንገድ የሚነጋገሩበት) እና ኤልዲፒ (ሌብል የሚለዋወጡበት) ተነስተዋል፣ በሁለቱ ፒኢዎች መካከል ቢጂፒም (የደንበኛውን ራውት የሚያደርሰው) አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ሉፕባክ (የራውተሩ የራሱ ቋሚ አድራሻ፣ 10.0.0.4) ፒንግ ይሠራል። የደንበኛው ራውትም ቪአርኤፉ (ለደንበኛው የተለየው የራውቲንግ ቴብል) ውስጥ ይታያል። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ግን ምንም አያልፍም። ደግሞ ለዚሁ ለ10.0.0.4 ጣርማበር 22፣ ደብረ ሲና 19 የሚል ሌብል ይዘዋል። ቁጥሩ አንድ መሆን የለበትም ወይ?

መንዜ፦
ቁጥሩ መለያየቱ ጤነኛ ነው። ሌብል የሚያገለግለው በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የሚመርጠውም ፓኬቱን የሚቀበለው ራውተር እንጂ የሚልከው አይደለም። ስለዚህ ከመድረሻው ተነስተህ ወደ ኋላ ተከተለው። ሸዋ ሮቢት የራሱን ሉፕባክ ለደብረ ሲና በ3 ቁጥር ያስታውቃል። 3 ፓኬቱ ላይ አይለጠፍም፤ «የላይኛውን ሌብል አንተው አውርደህ ላክልኝ» ማለት ነው። ደብረ ሲና 19ን ለጣርማበር፣ ጣርማበር 22ን ለደብረ ብርሃን ይሰጣሉ።

የቪፒኤኑ ሌብል ለብቻው ነው። እሱን ሸዋ ሮቢት በቢጂፒ በቀጥታ ለደብረ ብርሃን ይልከዋል፤ 31 ነው እንበል። ፓኬቱ ከደብረ ብርሃን ሲወጣ ከላይ 22፣ ከታች 31 ይዟል። ጣርማበር 22ን በ19 ይቀይራል፣ ደብረ ሲና 19ን ያነሳል፣ 31 እስከ ሸዋ ሮቢት ሳይነካ ይደርሳል። መሃል ያሉት ራውተሮች የደንበኛውን አድራሻ ጨርሶ አያውቁም።

አሁን ደብረ ሲና ላይ «ሾው ኤምፒኤልኤስ ፎርዋርዲንግ-ቴብል» በል። በ10.0.0.4 መስመር፣ በመውጫው አምድ የተጻፈው «ፖፕ ሌብል» ነው ወይስ «ኖ ሌብል»? የሸዋ ሮቢት ሉፕባክ ማስክስ ስንት ነው?

የባሶና ልጅ፦
«ኖ ሌብል» ይላል። የሸዋ ሮቢት ማስክ /24 ነው፣ የሌሎቹ /32።

መንዜ፦
እንግዲያው ችግሩ እሱ ነው። ኦኤስፒኤፍ ሉፕባክን ማስኩ ምንም ይሁን በ/32 (እንደ አንድ ነጠላ አድራሻ) ነው የሚያስተዋውቀው። ኤልዲፒ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ የሚያየው ሰፊውን ክልል 10.0.0.0/24ን ስለሆነ ሌብል የሚሰጠው ለእሱ ነው። ደብረ ሲና በራውቲንግ ቴብሉ ያለው 10.0.0.4/32 በመሆኑ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ለ/32ው መውጫ ሌብል አያገኝም። «ፖፕ» የላይኛውን ብቻ ያነሳል፤ «ኖ ሌብል» ግን ከዚህ በኋላ በሌብል የሚሄድበት መንገድ የለም ማለት ነው። ከስር 31 የያዘው ፓኬት እዚያው ይቀራል። ተራ ፒንግና ቢጂፒ ግን ስራቸው አይፒ ስለሆነ ደብረ ሲና በራውቲንግ ቴብሉ ያሳልፋቸዋል። የሉፕባክ ፒንግ አታሎ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ማስኩን 255.255.255.255 (/32) አድርገው። የኤልዲፒና የቢጂፒ ሴሽኖች ይወርዱና ይመለሳሉ፤ በእውነተኛ ኔትወርክ ከሆነ ትራፊክ በሚቀንስበት ሰዓት አድርገው። ከዚያ «ፒንግ ኤምፒኤልኤስ አይፒቪ4 10.0.0.4/32» ብለህ ፈትሽ። እሱ የሌብሉን መንገድ ራሱን ነው የሚፈትነው።

የአንኮበሯ፦
መንዜ እንዳለው ነው። ይህን ስትጨርስ ኤምቲዩውን (መስመሩ የሚያሳልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ሳታይ እንዳትተወው፣ ትንሽ ፒንግ አልፎ ዌብሳይት የማይከፈተው በእሱ ነው። አንድ ሌብል 4 ባይት ነው (20 ቢት ቁጥሩ፣ 3 ለትራፊክ ደረጃ፣ 1 የመጨረሻነት ምልክት፣ 8 ቲቲኤል፣ ማለትም ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች የሚገድበው ቁጥር)። ስለዚህ የደንበኛው 1500 ባይት ፓኬት እስከ ደብረ ሲና 1508፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት 1504 ይሆናል። መሃሉ 1500 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ አትከፋፍል የተባለው ፓኬት ይጣላል። ከደንበኛው ሊኑክስ «ፒንግ -ኤም ዱ -ኤስ 1472» ብለህ ሞክር፤ 1472 ላይ 28 ባይት ሄደር ሲጨመር 1500 ይሞላል።

ለላብ ደግሞ «ኤምፒኤልኤስ ሌብል ሬንጅ» ለየራውተሩ ስጥ፦ ደብረ ብርሃን 100–199፣ ጣርማበር 200–299፣ ደብረ ሲና 300–399፣ ሸዋ ሮቢት 400–499። አስቀድመው የተሰጡ ሌብሎች ወዲያው ስለማይቀየሩ ራውተሮቹን እንደገና አስነሳ። ከዚያ በኋላ ትሬስራውት (ፓኬቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች የሚያሳይ ትእዛዝ) ላይ 3 መቶ ቤት ቁጥር ስታይ ደብረ ሲና የሰጠው መሆኑን ወዲያው ታውቃለህ። ከ0 እስከ 15 ያሉት የተያዙ ናቸው፣ አትንካቸው።