ብሎኩ ሌሊት ላይ ይለቃል፤ ዴክሳሜታሶን ልጨምር?

ጥያቄ፦ አንስቴዚስት፣ ከኮምቦልቻ
ጤና ይስጥልኝ። ለክንድ ስብራት ኦፕራሲዮን ሱፕራክላቪኩላር ብሎክ (ከአንገት ሥር የክንዱን ነርቮች በመርፌ ማደንዘዝ) እሠራለሁ። ያለኝ ማደንዘዣ ቡፒቫኬይን ብቻ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት የሠራሁት ከሌሊቱ 7 አካባቢ ይለቃል። በዚያ ሰዓት ዋርዱ ውስጥ ያለችው አንድ ነርስ ናት፤ የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልም አንዳንዴ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር ትራሱን ነክሶ አነጋ። ጠዋት ሳየው በጣም አዘንኩ። ዴክሳሜታሶን (ስቴሮይድ መድኃኒት ነው) የብሎኩን ጊዜ ያስረዝማል ሲሉ እሰማለሁ። ከማደንዘዣው ጋር ልቀላቅለው ወይስ በደም ስር ልስጠው? ስኳር ያለባቸውስ?

መልስ፦ ነባር አንስቴዚስት፣ ከደሴ
ወንድሜ፣ በደንብ ያስረዝማል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ 35 ጥናቶችን አይቷል። ዴክሳሜታሶን ካልተሰጣቸው ጋር ሲወዳደር፣ ነርቩ አጠገብ ሲሰጥ በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ያህል ጨምሯል፤ በደም ስር ሲሰጥ ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ። ሁለቱን መንገዶች በቀጥታ እርስ በርስ ባወዳደሩት ጥናቶች ግን የነርቩ በ3 ሰዓት ያህል ይበልጣል። እኔ ግን በደም ስር ነው የምሰጠው፣ 4 ሚሊግራም። መድኃኒቱ የተፈቀደው ነርቭ አጠገብ እንዲሰጥ አይደለም፤ አንዳንዱ አምፑል ደግሞ ማቆያ ኬሚካል አለበት። ለ3 ሰዓት ብዬ የሰው ነርቭ ላይ አልሞክርም። በሽተኛው ነቅቶ ሳለ ቶሎ አትግፋው፤ ብልቱና መቀመጫው አካባቢ ክፉኛ ያቃጥለዋል። ቀድመህ ንገረው፣ በዝግታ ስጠው።

መልስ፦ ሌላ አንስቴዚስት፣ ከደሴ
እኔ ማቆያ የሌለበት ሳገኝ ከቡፒቫኬይን ጋር እቀላቅላለሁ፤ እስካሁን ችግር አልገጠመኝም። ነገ ሮፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣ ቢመጣልህ ግን እንዳትቀላቅል፤ ክሪስታል ይሠራል። ዴክሳሜታሶን ጠፋ ተብሎም ሌላው ስቴሮይድ ትራይአምሲኖሎን አይተካውም። ቅንጣት አለው፤ ደም ስር ውስጥ ከገባ ይደፍናል።

መልስ፦ ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ
ስለ ስኳሩ፦ ነርቩ አጠገብ ብትሰጠውም ወደ ደም ይገባል፤ ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ስኳር ከፍ ይላል። ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በማግስቱ ይለካ። ስኳሩ ካልተስተካከለ፣ ቁስሉም የቆሸሸ ከሆነ፣ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ (ኩላሊትና ጨጓራው ደህና ከሆነ) ብሎኩ ሳይለቅ ይጀመሩ። ሕመሙ ከመጣ በኋላ የሚሰጥ ክኒን አይደርስለትም።

መልስ፦ ነርስ፣ ከደሴ
እባካችሁ እጁ ሲደነዝዝ ስለሚያድርበት ሰዓትም አስቡ። አንዲት እናት እጃቸው ገና ሳይነቃ ወደ ቤት ሄዱ። የደሴን የሌሊት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀመጡ። ጣታቸው መቃጠሉ የታወቀው ሽታው ሲመጣ ነው። አሁን እኔ ለቤተሰቡ ነው የምነግረው፦ እጁ በአንገት ማንጠልጠያ ይታሰር፣ ከእሳትና ከፈላ ውሃ ይራቅ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። በደም ስር 4 ሚሊግራም እጀምራለሁ። ሰርጅናችንንም አማከርኩት። ለክንዱ ተስማማ፤ ለቅልጥም ስብራት ግን ሳልጠይቀው እንዳልሰጥ ነገረኝ። እግሩ ውስጥ ግፊት ቢጨምር፣ ኮምፓርትመንት ሲንድሮም ማለቱ ነው፣ መጀመሪያ የሚጮኸው ሕመሙ ስለሆነ እንዲሸፈንበት አይፈልግም። ነገ ሁለት የክንድ ስብራት አለኝ። አንዷ ስኳር ያለባቸው እናት ናቸው፤ የጠዋቱን ልኬት አይቼ እወስናለሁ።