«መገኘት ነበረብኝ» በእንግሊዝኛ «ሃድ ቱ» ነው ወይስ «ሹድ ሃቭ»? (የሞዳል ቨርብ ጥያቄ)

የማታ_ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሞዳል ቨርቦችን (ከዋናው ግስ በፊት ገብተው ችሎታን፣ ግዴታንና የመሳሰለውን የሚያሳዩ ረዳት ግሶች) ሠንጠረዥ አውቀዋለሁ፤ ካን ችሎታ፣ መስት ግዴታ፣ ሹድ ምክር፣ ሜይ ፈቃድ። ዓረፍተ ነገር ስሠራ ግን ይምታታብኛል፤ በአማርኛ «አለብህ» ብዬ የምገላገለው እንግሊዝኛው ላይ ሦስት አራት ይሆናል፣ «ይችላል»ም እንደዚያው። እነዚህን እዩልኝ፦

«ነገ ሊዘንብ ይችላል» — ኢት ካን ሬይን ቱሞሮ።
«ቅዳሜ መምጣት የለብህም» (እረፍት ነው ለማለት) — ዩ መስንት ከም ኦን ሳተርደይ።
«ትላንት ስብሰባው ላይ መገኘት ነበረብኝ» (ቀርቼ ይቅርታ ስጠይቅ) — አይ ሃድ ቱ አቴንድ ዘ ሚቲንግ የስተርደይ።
«እንደምንም አውቶቡሱ ላይ ደረስኩ» — አይ ኩድ ካች ዘ ባስ።

የቱ ነው ልክ ያልሆነው?

ሰዋስው_ቤት፦
ወንድሜ፣ ቅርጻቸው ደህና ነው፤ አራቱም ግን ካሰብከው ውጭ ይናገራሉ። በጣም የሚያስቸግርህ ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

«መስንት» ክልከላ ነው። አንተ «ቅዳሜ እረፍት ነው» ልትል ፈልገህ ሰውየው «ቅዳሜ ዝር እንዳትል» ብሎ ይረዳሃል። አማርኛው «መምጣት የለብህም» ሁለቱንም ሊሸከም ስለሚችል ነው የሚያሳስተው። መፍትሔው እንግሊዝኛውን ከመጻፍህ በፊት አማርኛውን በሌላ አማርኛ መለወጥ ነው። «ብትቀርም ችግር የለውም» ብለህ መተካት ከቻልክ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ከም» ነው። «እንዳትመጣ» ከሆነ «ዩ መስንት ከም»፣ «ባትመጣ ይሻላል» ከሆነ ደግሞ «ዩ ሹድንት ከም»። የሚገርመው መስት እና ሃቭ ቱ በአዎንታ ሲሆኑ በጣም ይቀራረባሉ፤ አሉታ ሲገባ ነው ፍጹም የሚለያዩት።

በአዎንታም ቢሆን ለዕለት ንግግር ሃቭ ቱን አስቀድም። አሜሪካኖች በተለይ ግዴታን ሲናገሩ መስትን ብዙም አይጠቀሙም፤ የምታገኘው ማስታወቂያና ደንብ ላይ ነው። አንድ ሞቅ ያለ ቦታ ግን አለው፦ «ዩ መስት ትራይ ዚስ» ማለት «ሳትቀምሰውማ አትሄድም» እንደማለት ነው፣ ግብዣ እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

የዝናቡ ቀላል ነው። ካን «አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» ለሚል ጠባይ ይሆናል፦ «አዲስ አበባ ካን ቢ ኮልድ ኢን ጁላይ»። ስለ ነገ ስትገምት ግን ሜይ፣ ማይት ወይም ኩድ በል፦ «ኢት ማይት ሬይን ቱሞሮ»። አሉታው ሲሆን ካን ይመለሳል፦ «ሂ ካንት ቢ አት ሆም፣ ዘ ላይትስ አር ኦፍ»፤ «ቤት ሊሆን አይችልም» ከሚለው አማርኛችን ጋር አንድ ነው። እዚህ ላይ «መስንት ቢ»ን ተወው።

ያለፈው_ጊዜ፦
እኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን ልውሰድ።

«አይ ሃድ ቱ አቴንድ» ማለት ግዴታ ነበረብኝ፣ ደግሞም ተገኝቻለሁ ማለት ነው። አለቃህ ያንን ኢሜይል ሲያነብ «ይሄ ሰው እኮ አልነበረም» ብሎ ይደነቃል። ቀርተህ ከሆነ የምትጽፈው «አይ ሹድ ሃቭ አቴንድድ ዘ ሚቲንግ» ነው። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ተደርጓል ወይስ ቀርቷል? ከተደረገ ሃድ ቱ፣ ከቀረና ከቆጨህ ሹድ ሃቭ። «መምጣት እችል ነበር» (ግን አልመጣሁም) ደግሞ «አይ ኩድ ሃቭ ከም» ነው። «መጥቶ መሆን አለበት» የሚለው ግምት «ሂ መስት ሃቭ ከም» ይሆናል፤ የግዴታ ሽታ የለውም።

ሦስት ቦታ ላይ ነው የሚበላሸው። ከሃቭ በኋላ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ ይገባል፦ «ሹድ ሃቭ ጎን» እንጂ «ሹድ ሃቭ ዌንት» አይባልም። ባለቤቱ ሺ ወይም ሂ ቢሆንም ሃቭ ወደ ሃዝ አይቀየርም። ሦስተኛው የጽሕፈት ነው፤ ሲናገሩት «ሹደቭ» ስለሚመስል እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሰዎች ሳይቀሩ «ሹድ ኦፍ» ብለው ሲጽፉ ታያለህ። አትከተላቸው።

አውቶቡሱ፦ ኩድ ባለፈው ጊዜ ለቆየ ችሎታ ነው፣ «ልጅ ሳለች ዋና ትችል ነበር» ለሚለው ዓይነት። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ለተሳካ ነገር «አይ ዋዝ ኤብል ቱ ካች ዘ ባስ» ወይም «አይ ማኔጅድ ቱ ካች ዘ ባስ»። «እንደምንም»ህን ደህና አድርጎ የሚይዘው ማኔጅድ ነው። ሳይሳካ ሲቀር ግን ኩድንት ያለ ችግር ይሄዳል፦ «አይ ኩድንት ካች ዘ ባስ»። እንደ ሲ እና ሂር ያሉ የስሜት ግሶችም ለአንድ ጊዜም ቢሆን ከኩድ ጋር ይስማማሉ፤ «አይ ኩድ ሂር ሂም» ልክ ነው።

ቢሮ_ነክ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ጥያቄው ላይ ያለው «ሹድ ምክር» ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ሹድን የሚናገረው ማን ነው? ጓደኛህ ከሆነ ምክር ነው። አለቃህ «ዩ ሹድ ፊኒሽ ዚስ ባይ ፍራይደይ» ካለህ ዓርብ እንዲያልቅ ይጠብቃል። ከዚህ የባሰው «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዚስ» ነው፤ ቃል በቃል ሲታይ «ብትፈልግ» ይመስላል፣ መልእክቱ ግን «ስህተት አለ፣ ተመልከተው» ነው። ብዙ ሰው እሺ ብሎ ያልፈዋል። «ዩድ ቤተር» ደግሞ ከጀርባው «አለበለዚያ…» የሚል ማስጠንቀቂያ ስላለ ለአለቃም ለደንበኛም አይላክም።

እኛ አክብሮቱን «ላክልኝ» እና «ይላኩልኝ» ብለን በግሱ እንለያለን። እንግሊዝኛ ያ ስለሌለው የአክብሮቱን ሥራ በብዛት የሚሠራው ሞዳሉ ነው። «ሴንድ ሚ ዘ ፋይል፣ ፕሊዝ» ፕሊዝ ቢኖረውም ትእዛዝ ይመስላል፤ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፋይል?» በል፣ ይበቃል። አንድ በብዛት የሚታይ ስህተት፦ «ሜይ ዩ ሄልፕ ሚ?»። ሜይ ለራስህ ፈቃድ ስትጠይቅ ነው፣ «ሜይ አይ ከም ኢን?»። ሌላውን ሰው አድርግልኝ ስትል ካን፣ ኩድ ወይም ዉድ ነው።

የማታ_ክፍል፦
እጅግ አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ሁለት ትንንሽ ነገር፦ «ነገ መምጣት እችላለሁ»ን «አይ ዊል ካን ከም» ማለት ለምን አይቻልም? ደግሞ በስልክ ካን እና ካንት አንድ ዓይነት ናቸው የሚሰሙኝ።

ጆሮ_ገብ፦
ሞዳል በሞዳል ላይ አይደረብም፤ እዚህ ካን ወደ ቢ ኤብል ቱ ይቀየራል፦ «አይ ዊል ቢ ኤብል ቱ ከም»። (በአሜሪካ ደቡብ «ማይት ኩድ» የሚሉ አሉ፤ የአካባቢው ንግግር ነው፣ ፈተና ላይ አይጻፍም።)

የስልኩን በተመለከተ፣ አሜሪካኖች የካንትን የመጨረሻ «ት» ብዙ ጊዜ ስለሚውጧት እሷን አትጠብቅ። ክብደቱን ስማ። አዎንታው ይፈዝና «ክን» ይሆናል፣ ጉልበቱ ወደሚቀጥለው ግስ ይሄዳል፦ «አይክን ጎ»፣ ጎ ላይ ጠበቅ። አሉታው ራሱ ካንት ላይ ይጠብቃል፣ አናባቢውም ይሞላል። አንተም ስትናገር ካንን አጥብቀህ ካልከው ሰሚው ካንት ነው የሚመስለው። እርግጠኛ ካልሆንክ «ሶ ዩ ካን፣ ራይት?» ብለህ አረጋግጥ፤ ለራስህ ደግሞ «አይም ኖት ኤብል ቱ» ብትል ማንም አይሳሳትብህም።