የወንድሜ ላንድክሩዘር ፍሬን አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይከዳል፤ ዕቃ ልላክ ወይስ ብር?

የጦሳ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ ያለው ወንድሜ አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር አለው፣ ብዙ እጅ የዞረ። ከደላንታ እህል ጭኖ ኮምቦልቻ ያራግፋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ አንዳንዴ ይከዳዋል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ጥርት አድርጎ ይይዛል። ጋራዥ ሲወስደው «ምንም የለውም» ይሉታል። አሁን «የፍሬን ማስተር ግዛልኝ» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እናቴንም አስገብቷታል። እውነት ማስተሩ ነው?

መካኒኩ (ሚኒሶታ)፦
አብሽር ወንድሜ፣ ግን ገና ምንም እንዳትገዛ። «ከዳኝ» ብቻውን ምንም አይነግረንም። ፔዳሉ ሰመጠ ወይስ ደነደነ? እሱን ጠይቀው።

ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ሲያርፍ ደግሞ ከተመለሰ፣ ዘይቱ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ ባይፈላ ነው የሚገርመኝ። ጋራዥ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ምንም አያገኙበትም።

ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ፍሬን የሚገፋውን ዕቃ፣ ለመለየት ሞተር አስነስቶ ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠና ውጭ የሚፈስ ዘይት ከሌለ፣ የማስተሩ ጎሚኒ ዘይቱን ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። ያኔ ወንድምህ ልክ ነው።

ፔዳሉ ድንጋይ ከሆነ ግን ወደ ሰርቮው፣ የእግርን ግፊት ወደሚያግዘው ዕቃ፣ ሂዱ። ሞተሩን አጥፍቶ እስኪጠጥር ደጋግሞ ይርገጥ። እግሩን ሳያነሳ ያስነሳው። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ሰርቮው የሚሠራበትን ቫኪዩም (አየር የመሳብ ኃይል) አያገኝም ወይም ራሱ ሞቷል። በብዙዎቹ አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ላይ የቫኪዩም ፓምፑ ዲናሞው ጀርባ ነው ያለው። ሲያረጅ አንዴ ይሰራል፣ አንዴ ይተዋል። የተሰነጠቀ ቱቦም እንደዚያው ያደርጋል፣ የሱ ዋጋ ደግሞ እዚህ ግባ አይባልም።

የሐይቅ እህት (ፍራንክፈርት)፦
እኛ ጋ ቱፍ የሚባል ምርመራ አለ። አሮጌ መኪና በየሁለት ዓመቱ ይገባል። ሮለር ላይ አውጥተው የያንዳንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው ይለካሉ። ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ አያሳልፉህም። አገራችንም ቦሎ ሲሰጥ እንዲህ ቢለካ ስንቱ ሰው በተረፈ! ሐረጎ ስትሉ ደግሞ ያ ጉም መጣብኝ። ክረምት ላይ መብራት አብርተው በቀን ሲወርዱ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ መንገዱን ሲያይ...

ቦሩ ሜዳ (ሲያትል)፦
እህቴ፣ ቱፍሽን ደላንታ፣ ወገል ጤና ድረስ ውሰጂልንና እናያለን። ስሙኝማ፣ ፍሬን የሌለው መኪናው ሳይሆን ወንድምየው ነው። እኔም ባጃጅ ገዝቼላቸው ነበር። ዛሬ ጎማ፣ ነገ ባትሪ፣ ከዚያ ባጃጁ ራሱ ተሸጠ። ለኔ የነገረኝ ጎረቤት ነው።

የሐይቅ እህት፦
ሰው ቁልቁለት ላይ ነፍሱን ይዞ እየወረደ አንተ የባጃጅ ሂሳብ ታወራለህ!

የጦሳ ልጅ፦
ደውዬ «ሰመጠ ወይስ ደነደነ?» አልኩት። «ሁለቱም» አለኝ።

መካኒኩ፦
በል እንግዲህ። ሁለት ብልሽት ሊሆን ይችላል፣ ወይም አላስተዋለም። ለማንኛውም አሮጌውን ዘይት አስወጥቶ በአዲስ ይተካ፣ አየሩንም በደንብ ያስወጡለት። የሰርቮውን ቱቦ በእጁ እያጠፈ ስንጥቅ ይፈልግ። እስኪታወቅ ድረስ ጭኖ ሐረጎን እንዳይወርድ። ከተሠራ በኋላም በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ሞተሩ ይያዝለት እንጂ ፍሬኑ ላይ እንዳይተኛ። ዕቃ ከተባለ ደግሞ በሰው እጅ ላክ፤ እዚያ ፎርጂዱ በዝቷል።

ቦሩ ሜዳ፦
ዕቃ ለምን ይሸከማል? ብሩን ይላክና እዚያው ይግዛ። ደግሞ በባንክ ይሁን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ተመኑ ለገበያ ተለቋል።

ወረባቦ (ዳላስ)፦
በባንክ? ከጥቁር ገበያው ጋር ያለውን ልዩነት አንተ ትሞላለታለህ?

ቦሩ ሜዳ፦
የጥቁር ገበያው ሐዋላ ገንዘቡን ይዞ ቢጠፋስ፣ አንተ ትከፍላለህ?

የጦሳ ልጅ፦
ወገኖች፣ ቱቦው ስንት ኢንች እንደሆነ የሚያውቅ አለ?

ወረባቦ፦
ቆይ አንዴ ወንድሜ፣ የዚህን ሰውዬ የባንክ ነገር ልጨርስለት።