ዊንዶውስ 11 አልለመድ አለኝ፣ መላ ያላችሁ?

እትዬ ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍርድ ቤት አጠገብ ትንሽ የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ እጽፋለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በታይፕራይተር ነው። ከዚያ ኤክስፒ መጣ፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ አስር። ሁሉንም ለመድኩ። ይሄኛው ግን እጄን አሰረኝ።

አሮጌዋ ላፕቶፔ አልነሳ ስትል የእህቴ ልጅ ያገለገለ ገዝቶ አመጣልኝ። 11 ተጭኖበታል። ስታርት መሀል ላይ ተጎልቷል። ፕሮግራም በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ ቦታውን ይቀይራል። ራይት ክሊክ ሳደርግ ኮፒ የሚል ቃል የለም። ባለጉዳዩ «ችሎቱ ሊጀመር ነው» እያለ ፊቴ ቆሞ፣ እኔ ኮፒ ፍለጋ!

ፍላሽ ላይ የነበሩኝ የውል ፎርሞች ደግሞ ገሚሶቹ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅልቅል ናቸው። ኢንተርኔት የማገኘው ከስልኬ በሆትስፖት ነው፤ የወሩ ፓኬጅ ሳምንት አይቆይም። ወደ አስር ላስመልሰው? «ዘመኑ ነው፣ ይለምዱታል» የሚለኝ ሰው ባይመልስልኝ ይሻላል።

አስር ይበቃኛል፦
እህቴ፣ አስመልሺው። እኔ እስካሁን አስር ላይ ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም። ፎርማት አድርጎ የሚጭንልሽ ልጅ በየሰፈሩ አለ።

ጠጋኙ፦
አይቸኩሉ እትዬ። የአስር ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሰው ውልና መታወቂያ የሚያልፍበት ማሽን ላይ የደህንነት ማሻሻያ የማያገኝ ሲስተም አልመክርም። «ጎ ባክ» የሚለው መመለሻም የሚሠራው ከአስር ላይ አሻሽለው ከሆነ፣ ያውም ለ10 ቀን ብቻ ነው። የእርስዎ ተጭኖ የመጣ ስለሆነ ከዜሮ መጀመር ይሆናል።

ጥፋቱን ግን እንከፋፍለው። የስታርቱና የኮፒው ነገር የ11 ነው፣ አልከራከርም። መስከረም 2014 ሲለቀቅ ብዙ ነገር ቆርጠው ነው ያወጡት። ፋይል ጎትቶ ታስክባር ላይ መጣል እንኳ ቀርቶ ነበር፤ ሰው ሲጮህ በዓመቱ መለሱት።

ለስታርቱ፣ ሴቲንግስ ይግቡ። ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ታስክባር፣ ከዚያ ታስክባር ቢሄቪየርስ። ሴንተር የሚለውን ሌፍት ያድርጉት። ከዚያ በኋላ ከግራ ጥግ አይነቃነቅም። ኮፒ ደግሞ አልጠፋም፤ ቃሉ ቀርቶ ትንሽ ስዕል ሆኗል። ቆየት ብሎ በመጣ አፕዴት ከስዕሉ ጋር ስሙን ጽፈውበታል፤ የእርስዎ ያልታደሰ ይመስለኛል። እስከዚያው ሺፍት ይዘው ራይት ክሊክ ያድርጉ፣ የድሮው ዝርዝር ይመጣል። ኮንትሮል ሲ እና ኮንትሮል ቪ ግን ከኤክስፒም በፊት የነበሩ ናቸው፣ ማንም አልነካቸውም።

ፎርሞችዎን ያበላሸው 11 አይደለም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ከሥሩ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ነው። አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ እርቃኑን ይወጣል። አስርም ላይ ቢከፍቱት ያው ነው። የአሮጌዋን ሃርድ ዲስክ አያስጥሉ! አስወጥተው በኬብል ያገናኙት። ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ፤ የግዕዞቹን ወደ አዲሱ ይገልብጡ። እያንዳንዱን ሁለቴ ሲጫኑት ኢንስቶል የሚል ይመጣል። በኒያላ የጻፉት ካለም ሴቲንግስ ላይ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብለው ይፈልጉ፤ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶች እዚያ አሉ። ኒያላ ከአስር ጀምሮ ሳይጨምሩት አብሮ አይመጣም።

ቤቴልሔም ዘ ካምፓስ፦
ዳታውን እኔ ልመልስ። ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ውስጥ ይግቡና የሆትስፖትዎን ስም ይጫኑ። ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩት። ትልልቅ አፕዴቶች ያኔ ዝም ብለው አይወርዱም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲሄዱ አጥፍተው ያውርዱ፣ ያ የኮፒ ስምም ይመጣልዎታል።

ሌላው ዋን ድራይቭ ነው። ታች ቀኝ በኩል የደመና ምልክት ካዩ ተጭነው ወደ ሴቲንግስ ይግቡ። ባክአፕ በርቶ ከሆነ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት እየላከ ነው። ነፃው ቦታ 5 ጊጋ ብቻ ነው። የደንበኛ ሚስጥርም አለ፤ እኔ ብሆን አጠፋው ነበር። ግን ፍላሽ ላይ ቅጂ ይያዙ።

ዊንዶውሱን ራሱን አማርኛ ማድረግም ይቻላል። አንዴ ሞክሬ «ሴቲንግስ ግቢ» ያለኝን ሁሉ ማስተርጎም ሆነብኝና ተውኩት፣ ሃሃ።

እትዬ ጸሐፊዋ፦
ተባረኩ! ስታርት ግራ ገብቷል፣ ደመናውንም አጥፍቼዋለሁ። የውል ፎርሞቼም ተከፈቱ፤ ድሮም ሃርድ ዲስኩን ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር። አስርን ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለት ፕሪንተር አለኝ፣ አንዱ ባለ ቀለም ነው። ለሰው ፎቶ ካተምኩ በኋላ ማመልከቻውም በባለ ቀለሙ ይወጣል። ቀለሙ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ።

ጠጋኙ፦
ይሄም የ11 ብቻ አይደለም፣ አስርም ላይ ነበር። ፕሪንተርስ ኤንድ ስካነርስ ውስጥ «ሌት ዊንዶውስ ማኔጅ ማይ ዲፎልት ፕሪንተር» የሚለውን ያጥፉ። ካልጠፋ መጨረሻ የተጠቀሙበትን እየመረጠ ይቀጥላል። ከዚያ ጥቁሩን ይጫኑና ሴት አዝ ዲፎልት ይበሉት።