ዴኒ ዲቃላ ናት ወይስ ክልስ?

የሱሉልታው፦ ሰላም ቤተሰብ። ኒያንደርታልና ዴኒሶቫ ስለሚባሉ ሁለት የጠፉ የጥንት የሰው ዘሮች አንድ ትርጉም እያረምኩ ነው። «ዴኒ ከኒያንደርታል እናትና ከዴኒሶቫ አባት የተወለደች ዲቃላ ናት» ይላል። ጮክ ብዬ ሳነበው ወተት የምገዛቸው እትዬ «ምስኪን! ምን አጥፍታ ነው የምትሰደበው?» አሉኝ። የራሳቸው ላሞች የተዳቀሉ ናቸው፤ ያ አይከፋቸውም። ቃሉን ልቀይረው?

ቅኔ ዘራፊ፦ ዲቃላ ከግእዙ «ደቂቅ» የወጣ ነው። ልጆች ማለት ነው። ስድብ ያደረገው ሰፈር ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ኧረ በሥላሴ! ደቂቅ የዱቄት ዘመድ ነው። ላ-ን ከየት አመጣሃት?

ቅኔ ዘራፊ፦ እኔ ዋሸራ ስቀኝ አንተ ሀሁ ላይ ነበርክ።

ቤተ ሙከራ፦ ከመጣላታችሁ በፊት ልጅቷን እወቋት። ሳይቤሪያ፣ ዴኒሶቫ ዋሻ የተገኘች የአጥንት ስባሪ ናት፤ ርዝመቷ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ዕድሜዋ ወደ 90 ሺህ ዓመት ይጠጋል። መጀመሪያ የተነበበው ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ነበር፤ እሱ «ኒያንደርታል ናት» አለ። የአባቷ ወገን የታወቀው ሙሉ ዘረመሏ ሲነበብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018።

ፊደል ቆጣሪ፦ በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። ይቺ ደግሞ እናቷን ብቻ ጠርታ ዝም!

ቤተ ሙከራ፦ በቅሎ ግን መካን ናት። እንደ ዴኒ ያሉት ወልደዋል። ከአፍሪካ ውጭ የዘር ግንድ ያለው ሰው ዛሬም ከ1 እስከ 2 በመቶ የኒያንደርታል ዘረመል ይዞ ይዞራል። የዴኒ አባት ራሱ ከሩቅ አያቶቹ ኒያንደርታል ነበረበት።

የሱሉልታው፦ እና ክልስ ልበላት?

ቅኔ ዘራፊ፦ ክልስ «ከለሰ» ከሚለው ነው። ወጥ ሲቀጥን ውሃ ይከለስበታል። ልጅቷን አቀጠንካት እንጂ አላከበርካትም።

ቤተ ሙከራ፦ አባትየውም ተከልሶበታል አልኩ እኮ። ማን ነው ወፍራሙ?

ፊደል ቆጣሪ፦ «ድቅል» ይባልና እንረፍ። ግሱ ደቀለ ነው፤ ማዳቀልም ከዚያው ነው።

ቅኔ ዘራፊ፦ ግስ ነው ካልክ አውርደዋ!

ፊደል ቆጣሪ፦ ደቀለ፣ ይደቅል፣ ይድቅል...

ቅኔ ዘራፊ፦ ቆይ። ቀ-ዋ ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?