ለኪታብ ቤታችን የንባብ መሣሪያ፦ ኢ-ኢንክ ወይስ ታብሌት? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ
አሰላሙ ዓለይኩም። ለደሴው ኪታብ ቤት (የሃይማኖት ኪታብ ለሚቀራበት ትምህርት ቤታችን) የንባብ መሣሪያ እንግዛ በሚለው ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው በዓይነቱ ነው። ግማሹ ኢ-ኢንክ (ስክሪኑ ወረቀት የሚመስል የመጽሐፍ ማንበቢያ) ይላል፣ ግማሹ ታብሌት። ለለጋሾች የሚሄደው ማመልከቻ ግን ሁለት አፍ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ እዚሁ ተከራክረን እንጨርስ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ «እኔ ጋ ያለው አሪፍ ነው» የሚለው ይቅርብን። ደረሳው (ተማሪው) ምን እንደሚቀራ፣ ማለትም ምን እንደሚያነብና እንደሚማር፣ እያሰብን እናውራ።

ከጅዳ
ወዓለይኩም ሰላም። የኔ ድምፅ ለኢ-ኢንክ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ። ገጽ ሲገለጥ በኤሌክትሪክ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ባለበት ለመቆየት ባትሪ አይፈልግም። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። መብራት ሄዶ ሲያድር ታብሌቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቁታላችሁ። ደግሞ ደረሳው ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚቀራው። ታብሌት ፀሐይ ላይ ፊትህን ነው የሚያሳይህ። ኢ-ኢንክ ግን ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይነበባል።

ገንዘብ ያዥ
ወንድሜ፣ ትልልቁ ኢ-ኢንክ ዋጋው አይቀመስም። አቅማችን የሚፈቅደው ባለ 6 ኢንቿን ነው። እሷን ብቻ አስባችሁ ተከራከሩ።

ኡስታዝ
ባለ 6 ኢንቿን ተውሼ ከደረሳዎቹ ጋር ሞክሬያታለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የከፈትነው ስካን የተደረገ የድሮ የግብፅ ኅትመት ነው። አሠራሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸርሑ (ማብራሪያው) መሃል ላይ ነው፣ ሓሺያው (የማብራሪያው ማብራሪያ) ጠርዙን ይዞ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ሙሉ ገጹ ትንሿ ስክሪን ላይ ሲገባ ሓሺያው ጉንዳን መሰለ። አጎላነው። ሲጎላ ገጹ ከስክሪኑ ያልፋል፤ ስለዚህ ቀኝና ግራ መጎተት መጣ። ኢ-ኢንክ ደግሞ በጎተትከው ቁጥር ብልጭ ይላል። ደረሳው መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ መነሻው ምን እንደነበር ይጠፋበታል።

ከዚያ አንዱ ልጅ ኅዳጉን ቆርጦ ገጹን የሚያሰፋ ማስተካከያ አገኘ። በአንዱ ገጽ ላይ ልክ መጣ። ያው ልክ ለሁሉም ገጽ ሲሠራ ግን በሚቀጥለው ገጽ የሓሺያውን ግማሽ በላው። ቀኝ ገጽና ግራ ገጽ ሓሺያቸው በየፊናው ነዋ!

ሁለተኛው ነገር ሐረካ (የዐረብኛ ንባብ ምልክቶች) ነው። በብዙ ኅትመት ሸዳ (የማጥበቂያ ምልክት) ያለበት ፊደል ላይ ከስራው («ኢ» የሚያሰኘው ምልክት) ከፊደሉ ሥር አይወርድም። ከፊደሉ በላይ፣ ከሸዳው ሥር ይቀመጣል። ፈትሓው («አ» የሚያሰኘው) ደግሞ ከሸዳው በላይ። ልዩነቷ የፀጉር ያህል ናት። ስካኑ ደብዘዝ ካለ በትንሿ ስክሪን አይለይም። ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) የሚቀራ ልጅ ይቺን ካላየ ምኑን ቀራ?

ይህን ስል ኢ-ኢንክ አይሆንም እያልኩ አይደለም። ይህ ኪታብ በዚህ ስክሪን አይሆንም ነው።

የደረሳዎች ተወካይ
ኡስታዝ ያሉት ልክ ነው፣ ነገር ግን ሁለተኛውን ሙከራ አልነገሯችሁም። ያው ትንሿ መሣሪያ ላይ በኢ-ፐብ የተዘጋጀ ኪታብ ከፈትን። ኢ-ፐብ ፎቶ አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ፊደሉን ስናጎላው መስመሩ ራሱ ተጣጥፎ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከስክሪን አይወጣም። አሚሪ የሚባለውን ነፃ ፎንት ጫንንበት። የካይሮው ቡላቅ ማተሚያ ቤት ፊደል ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ነው። ሐረካው ጥርት ብሎ ታየ። ሴቶቹ ደረሳዎች ከእጃቸው አላወጧትም፤ ለማስመለስ ነው የተቸገርነው።

እንግዲህ ጥያቄው ፋይሉ ምንድን ነው የሚለው ነው። ሻሚላ ከሚባለው የኪታቦች ስብስብ ሶፍትዌር የሚወጣው ጽሑፍ ነው። የሂንዳዊ ድርጅት በነፃ የሚለቃቸውም እንደዚያው። ወቅፊያ ከሚባለው ድረ ገጽ የምናወርደው ግን ባብዛኛው ስካን ነው።

ከቨርጂኒያ
በጣም ትክክል። ሶፍትዌሩንም ጨምሩበት። ዐረብኛ ፊደል የማያውቅ አሮጌ መሣሪያ ከገዛችሁ ፊደሎቹን ነጣጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድርላችኋል። ኪንድል የሚባለው የአማዞን ማንበቢያ አሁን ዐረብኛ ያነባል፤ የዐረብኛ መጻሕፍት መሸጫም ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለው። ሌላው ራስ ምታት የገጽ አገላለጥ ነው። ስካን ስትከፍት መሣሪያው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ይመስለውና «ቀጣይ» ቀኝ ላይ ይሆናል። ዐረብኛ የለመደ እጅ በግራ ነው የሚሄደው። ሁሌ ወደ ኋላ ትመለሳለህ።

ለዚህ ኮሪደር የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ (የኮሪደር ልማቱን ማለቴ አይደለም)። አገላለጡን ይገለብጥልሃል፤ የደበዘዘ ስካንም ያጠቁርልሃል። ኮቦና ፖኬትቡክ በሚባሉት የኢ-ኢንክ መሣሪያዎችና አንድሮይድ ላይ ይሠራል። ኪንድል ላይ ለመጫን ግን መጀመሪያ መቆለፊያውን መስበር ያስፈልጋል። እኔ ለኪታብ ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ አልመክርም። ኮቦ ወይም ፖኬትቡክ ይሁን።

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
እስካሁን ለታብሌት የተናገረ የለም፣ እኔ ልናገርለት። ደረሳ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ይፈልጋል። «ይህ ሐዲስ የት ነው ያለው?» ሲባል ሻሚላን ከፍቶ በሺዎች ከሚቆጠሩ ኪታቦች ውስጥ መፈለግ የታብሌት ሥራ ነው። ኢ-ኢንክ ላይ መጻፍ ትዕግሥት ይፈጃል። ፊደሉን ትነካለህ፣ ቆይቶ ይመጣል።

መዝገበ ቃላቱም እንዲሁ ነው። ትንሿ መሣሪያ ላይ «ወቢኪታቢሂም» የሚለውን ተጭነው ይያዙት። ፊቱ ላይ ሁለት ቅጥያ፣ ኋላው ላይ አንድ አለ። መዝገበ ቃላቱ እንዳለ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። ቃሉን ገፎ ወደ ሥሩ የሚመልስ መተግበሪያ ያለው አንድሮይድ ላይ ነው።

ጥገናውንም አስቡት። የታብሌት ስክሪን ቢሰበር ሞባይል ጥገና ቤት ይዤ እሄዳለሁ። የብዙዎቹ ኢ-ኢንክ ስክሪን ግን ውስጡ ስስ መስታወት ነው። ቦርሳ ውስጥ ተጭኖት የተሰነጠቀ አይቻለሁ፤ ላዩ ደህና ነው፣ ገጹ ግማሹ አይገለጥም። መለዋወጫውን ደሴ ላይ ማን ያመጣልኛል?

ከጅዳ
እህቴ፣ ታብሌት ለደረሳ ሰጥተሽ ቲክቶክ ከፍቶ ብታገኚው ምን ትያለሽ?

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ወደ ቤት ይወሰድ አላልኩም። እኔ ጋ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንድሮይድ አንድ መተግበሪያ ብቻ ከፍቶ የሚቆልፍ ማስተካከያ አለው።

ገንዘብ ያዥ
ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የመብራቱም ነገር ይቀላል። ቤተ መጻሕፍቱ ባለው ሶላር ቻርጅ ይደረጋል።

ጸሐፊ
ጥሩ፣ ነገሩ መልክ እየያዘ ነው። ረቂቁን እንዲህ ጻፍኩት፦

«ማኅበሩ ሁለት ዓይነት መሣሪያ እንዲገዛለት ይጠይቃል። ለውሰት የሚሆኑ 8 አነስተኛ ኢ-ኢንክ፤ እነዚህ ላይ የሚጫነው በጽሑፍ የተዘጋጀ ኪታብ ብቻ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የማይወጡ 3 ታብሌቶች፤ ስካን ለሆኑ ኪታቦች፣ ለፍለጋና ለመዝገበ ቃላት። የታብሌቶቹ ስክሪን ከ10 ኢንች አያንስም። ሁሉም ጠንካራ ሽፋን ይኖራቸዋል።»

ማስተካከያ ያለው ይናገር።

ከጅዳ
በመርሕ እስማማለሁ። ግን 10.3 ኢንች የሆነ፣ አንድሮይድ ያለው አንድ ኢ-ኢንክ ይጨመር። ቡክስ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ዓይነት። ረጅም ሸርሕ ከስካን ለሚያነቡት ለኡስታዝ ይሁን። ዋጋውን እኔና እዚህ ያሉ ልጆች እንችላለን። ከማኅበሩ ካዝና አይወጣም።

ኡስታዝ
ጀዛከላህ ኸይር። እኔ ወረቀቱን ለምጄዋለሁ። ለመጨረሻ ደረጃ ደረሳዎች ይሁን፣ በተራ ይያዙት። በዚያውም ትልቁ ኢ-ኢንክ ሓሺያውን ይችለው እንደሆን እናያለን። ከቻለ በሚቀጥለው ጊዜ ታብሌቱን እንቀንሳለን።

ሌላው፣ ጀላለይን የሚባለውን የቁርኣን ተፍሲር በተመለከተ። የቁርኣኑ ቃልና ማብራሪያው ተሰናስለው ነው የሚሄዱት። በቅንፍ ወይም በቀለም ነው የሚለዩት። ቀዩ ቀለም ጥቁርና ነጭ ስክሪን ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በትንሿ ላይ የሚጫነው በቅንፍ የተለየው ብቻ ይሁን። ይህን ረቂቁ ላይ አስገቡልኝ፤ በአላህ ቃል ቀልድ የለም።

ከቨርጂኒያ
የመብት ጉዳይም ይግባ። ዋናው ኪታብ የጥንት ቢሆንም፣ ተሕቂቅ የተደረገበት (በምሁር ተመርምሮ የተስተካከለ) አዲስ ኅትመት ባለመብት አለው። ቴሌግራም ላይ ስለተገኘ ብቻ አንጫን። ለጋሾቹም መጠየቃቸው አይቀርም።

የደረሳዎች ተወካይ
ከ8ቱ 4ቱ ለሴቶች ክፍል ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «በእኩል ይከፋፈላል» ሲባል የት እንደሚደርስ እናውቀዋለን።

ጸሐፊ
ሁሉም ገብቷል፤ የሴቶቹም በቁጥር። ኡስታዝ፣ እርስዎ በዚህ ዓመት የሚያስቀሯቸውን ኪታቦች ዝርዝር ይላኩልኝ፤ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ እህታችን በጽሑፍ ያሉትንና ስካን የሆኑትን ትለይልናለች። በጽሑፍ ያሉት ጥቂት ሆነው ከተገኙ የ8ቱ ቁጥር ይቀነሳል። ዝርዝሩ ሳይደርሰኝ ማመልከቻው አይሄድም።

ገንዘብ ያዥ
ዋጋውን ከዱባይና ከጅዳ አነጻጽራችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። ሽፋኑንና ማጓጓዣውን አትርሱ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ ላይ «ወቅፍ» (ለአላህ ተብሎ የተሰጠ) ተብሎ ይጻፍ፤ የማይለቅ ቀለም ይሁን።