«ዘመን አይሽሬ»፦ ዘመን ያልሻረው ወይስ ያልሻረለት?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሰላም ቤተሰብ። ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ብላክ ሳባዝ «አይረን ማን» አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ዘፈን። «ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም ዘመን አይሽሬ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «አይሽሬ»ን በቀይ አክብቦ ጎኑ ላይ «የማይድን በሽታ ነው እንዴ?» አለበት። ይቀልድ የምሩን ይሁን አልገባኝም። ቃሉ ልክ ነው? ርዕሱንስ «የብረት ሰው» ልበለው ወይስ እንዳለ ልተወው? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

እሳቱ ሰ፦
ልክ ነው። ሥሩ የግእዙ «ሰዐረ» ነው። ሻረ፣ አፈረሰ፣ ከሹመት አወረደ። «ሕግንና ነቢያትን ለመሻር የመጣሁ አይምሰላችሁ» የሚለውን በግእዙ ግለጠው፤ «እስዐሮሙ» ይላል። «ሹም ሽር»ም ከዚሁ ነው። ዘመን ከዙፋኑ ያላወረደው ማለት ነው። አለቀ።

ባለ ጊታሩ፦
ሹም ሽር ካላችሁማ ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርንም በ1979 ከባንዱ ተሽሯል። በቦታው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ተሾመ። ዘፈኑ ነው ያልተሻረው።

ሰዋስወ ነገር፦
ባንዱ ራሱ «ጥቁር ሰንበት» አይደል? ሰንበትም ይሻራል። ሃሃ።

የዋሸራ ልጅ፦
እሳቱ ሰ፣ ቸኮልክ። ቁስልም እኮ «ሻረ» ይባላል። እሱን የት ልታደርገው ነው? እኔ የሚመስለኝ ቃሉ የወጣው ከ«ሣዕር» ነው። «ሰብእሰ ከመ ሣዕር መዋዕሊሁ» ይላል ዳዊት፤ የሰው ዘመኑ እንደ ሣር ነው ማለቱ ነው። ሣር በበጋ ይደርቃል፣ ቁስልም ሲሽር ይደርቃል። እንግዲህ ዘመን አይሽሬ ማለት ዘመን ያላደረቀው፣ እንደረጠበ ያለ ማለት ነው።

እሳቱ ሰ፦
ወንድሜ፣ ሣሩ በንጉሡ ሠ ነው፤ ሽረቱ በእሳቱ ሰ። ስሜን እያየህ እንኳ አታፍርም?

የዋሸራ ልጅ፦
ስም ማውጣትማ ማን ይከለክልሃል። ብራና ላይ ሁለቱ ሲቀያየሩ ስንቴ አይቻለሁ። እኔ ቅኔ ቤት ቁራሽ ለምኜ ነው የተማርኩት። ስልክ ጠቅ ጠቅ አድርጌ አይደለም።

ሰዋስወ ነገር፦
ሥሩን ተዉትና አረፍተ ነገሩን እዩ። ቁስል በራሱ ነው የሚሽረው፤ ተሳቢ አይፈልግም። «ዘመን ቁስሌን ሻረው» የሚል ሰው ሰምታችኋል? «አሻረው» ነው የሚባለው። መዳን ቢሆን ኖሮ «ዘመን አያሽሬ» እንል ነበር። የዋሸራ ልጅ፣ ቁራሹን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን እሳቱ ሰ ረትቶሃል።

ባለ ጊታሩ፦
እኔ ዳዊት አልደገምኩም። ዘፈኑን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጫወተው ኖሬያለሁ፤ አርታኢው ሳያስበው ልክ የተናገረ ይመስለኛል። ታሪኩ ይሄ ነው። ሰውየው ወደ ፊት ዘመን ተጉዞ የዓለምን ጥፋት ያያል። ሊያስጠነቅቅ ሲመለስ መንገድ ላይ ማግኔት ያገኘውና ብረት ይሆናል። አፉ ይዘጋል። ዞር ብሎ የሚያየው ይጠፋል። ያ ቁስል አልሽር ሲለው ያየውን ጥፋት ራሱ ያመጣዋል። ግጥሙ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የጊዘር በትለር ነው።

የጊታር ተጫዋቹ የቶኒ አዮሚ ጣትስ? በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያው እጅ ነው። የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ፕላስቲክ አቅልጦ ቆብ ሠራላቸው፣ በቆዳ ሸፈናቸው። እስከ ዛሬ ቆቡን አድርጎ ነው የሚጫወተው። መግቢያውን ስሙት፤ ከበሮው ብቻውን ድም፣ ድም፣ ድም ይላል፤ ከዚያ ጊታሩ እያቃሰተ ይገባል። ኦዚ ዜማውን ሲሰማ «ትልቅ የብረት ሰውዬ ሲራመድ ይመስላል» አለ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ይሄ ሁሉ የሻረ ነገር ነው?

እሳቱ ሰ፦
ደስ የሚል ታሪክ ነው። ሰዋስው ግን አይደለም።

ሰዋስወ ነገር፦
ባለ ጊታሩ፣ እውነት ለመናገር ልቤን ነክተኸዋል። «አያሽሬ» ያልኩትን ግን አልቀይርም።

ባለ ጊታሩ፦
ዙፋን ካላችሁም፣ ጁላይ 5 ቀን 2025 በስንብቱ ኮንሰርት ቪላ ፓርክ ስታዲየም ኦዚ መቆም አቅቶት በጥቁር ዙፋን ተቀምጦ ነው የዘፈነው። «አይረን ማን» ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ነበር። በ17ኛው ቀን አረፈ። ይሄው ዘፈን ሲወጣ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከ52ኛ አላለፈም። ግራሚ ያገኘው በ2000 ነው፣ መድረክ ላይ የተቀዳው።

እሳቱ ሰ፦
ዙፋኑን ስላመጣህልኝ አመሰግናለሁ። ጠያቂው፣ «የብረት ሰው» እንዳትል ግን። «ብርት» በግእዝ ናስ ነው። «ሰበረ ኆኃተ ብርት ወቀጥቀጠ መናስግተ ኀፂን» ሲል በሩ የናስ፣ መወርወሪያው የብረት ነው። ትግርኛ አሁንም «ሓጺን» ይላል። ስለዚህ «ብእሴ ኀፂን»።

የዋሸራ ልጅ፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ። ኀፂን በብዙኃኑ ኀ መሆኑን ካልረሳህ።

ሰዋስወ ነገር፦
«ብእሴ ኀፂን» የሚል ርዕስ ያየ አንባቢ ገድል መስሎት ይሳለማል እንጂ ዘፈን አይከፍትም። እናንተ ብረት ድስታችሁንም ናስ ነው ልትሉን ነው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት አስረክቤያለሁ። አርታኢው «ዘመን አይሽሬ»ን ሰርዞ «ተወዳጅ» አድርጎታል። ርዕሱን አልነካውም፤ እኔም ምን ብዬ እንደላክሁት አልነግራችሁም።

የዋሸራ ልጅ፦
እሳቱ ሰ፣ ቅዳሜ ብራናውን ፎቶ አንስቼ አመጣልሃለሁ። «ሰዐረ» በንጉሡ ሠ ተጽፎ ታያለህ።